«ቻለው» መድኃኒት አይደለም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ አሁን አንብቡት፣ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ታነቡታላችሁ። የምጽፈው ቆሜ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የደብተር ካርቶን ደራርቤ፣ ስልኬን ከላይ አስቀምጬ። ከ20 ደቂቃ በላይ ከተቀመጥኩ ወገቤ የቀረውን ቀን ያስከፍለኛል።

ነገሩን ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት የሆነ ነው። ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። እንደማንኛውም እድርተኛ ማልጄ ሄድኩ። ድንኳን ሲተከል ግን ብረት አልተሸከምኩም፣ አግዳሚ ወንበርም አላወረድኩም። ገመድ ይዤ ቆምኩ። አንድ የማከብራቸው አባት አዩኝና «አይ መምህር! የዘንድሮ ወጣት እኮ ወገብ የለውም። እኛ ባንተ ዕድሜ ኩንታል ተሸክመን ዳገት እንወጣ ነበር» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለቅሶ ቤት ምን ትላለህ? በኋላ ሁሉም ሲቀመጥ እኔ ድንኳኑ ጥግ ቆምኩ። «ቁጭ በል እንጂ፣ እንግዳ መሰልክ እኮ» ተባልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ በክፋት ሳይሆን በፍቅር፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ግን እኮ ምንም አትመስልም። ቻል አድርገው እንጂ ወንድሜ» አለኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ የሰማኋት ቃል ናት። ቻል፣ ቻለው፣ ቻይው። ከዘመድ ሰምቻታለሁ፣ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰምቻታለሁ፣ አንዴ ደግሞ ከነጭ ጋዋን ውስጥ ሰምቻታለሁ። የዛሬው ጽሑፌ በዚህች ቃል ላይ ነው። ሰው የሚያጽናና እየመሰላት ሰው የምትጎዳ ቃል ናት ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ልናገር፤ ከዚያ ፍረዱ።

መጀመሪያ የታመምኩትን ልንገራችሁ። ጥር 2011 ዓ.ም. የመንፈቀ ዓመት ፈተና ሊሰጥ ዴስኮች ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እናዛውር ነበር። የ30 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፣ ብቻዬን ነበር የማነሣው። ማታ ትንሽ ከበደኝ። ጠዋት ካልሲዬን ማጥለቅ አቃተኝ። «ብርድ ነው» ተባልኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ምን ያልሆነ ብርድ አለ? ታሸሁ፣ ተቀባሁ፣ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ከዚያ ከመቀመጫዬ ተነሥቶ እስከ ተረከዜ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነገር ጀመረኝ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ሐኪሞች ከሦስት ወር ያለፈ ህመምን ሥር የሰደደ ይሉታል። የእኔ ይኸው ስድስት ዓመት አለፈው። በክረምት ኮርስ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ላሳድግ የጀመርኩት ትምህርትም እዚያው ቆመ፤ በቀን ስድስት ሰዓት እንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ መማር አልቻልኩማ።

እኔ ብቻዬን አይደለሁም። በፈረንጆቹ 2020 በተሠራ ግምት በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ወገብ ህመም ነበረበት። በዓለም ሰውን ከሥራና ከኑሮ ከሚያሰናክሉ ሕመሞች ሁሉ አንደኛው ይኸው የወገብ ነገር ነው። እና ይህን ሁሉ ሕዝብ «ወገብ የለውም» ብለን ስቀን ልናልፈው ነው?

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ።

አንደኛ፤ «ምንም አትመስልም» የሚለው ነገር። ሰው ማስረጃ ይፈልጋል። እጁ ቢሰበር ጄሶ ታያለህ፣ ቢቆስል ፋሻ ታያለህ። የእኔ ምን ይታያል? እኔም ራሴ ማስረጃ ፍለጋ ሄድኩ። የአንድ ወር ደመወዜን የሚያህል ብር ከፍዬ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ውጤቱ ላይ «ዲስክ ትንሽ ወጣ ብሏል» የሚል ነገር ተጻፈ። ብታምኑም ባታምኑም ደስ አለኝ! ወረቀቷን አጥፌ እንደ መታወቂያ ኪሴ ይዤያት እዞር ነበር። ለዳይሬክተር አሳየሁ፣ ለዘመድ አሳየሁ። «ይኸው፣ አልዋሸሁም» ለማለት።

በኋላ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት አስቀምጣ አስረዳችኝ። ምንም የማያማቸውን ሰዎች ወገብ ብታነሡ፣ በ30ዎቹ ዕድሜ ካሉት ከ100 ሰው ወደ 40 ያህሉ ዲስካቸው ወጣ ያለ ሆኖ ይገኛል። 80 ዓመት የሞላቸው ላይ 84 ይደርሳል። ቁጥሩ የተገኘው ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ነው። ታዲያ ምን ማለት ነው? ፎቶው ላይ የሚታይ ነገር ኖሮ የማያመው ሰው አለ፣ ምንም የማይታይበት ሆኖ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር ሰው አለ። ህመም ፎቶ አይነሣም። ምስክሩ ባለቤቱ ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የህመም ጥናት ማኅበርም በ2020 የህመምን ትርጉም ሲያሻሽል፣ አንድ ሰው «ያመኛል» ካለ ቃሉ ሊከበርለት ይገባል የሚል ማብራሪያ አክሎበታል። እኔ ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ወረቀቷን ከኪሴ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ጣልኳት።

ታዲያ የተጎዳው ቦታ ከዳነ ለምን ያማል? ለተማሪዎቼ በማስረዳበት መንገድ ልንገራችሁ። ጎረቤታችሁ መኪናው ላይ አላርም አስገጥሟል እንበል። ሌባ ሲመጣ ቢጮህ ደግ ነው። ግን አላርሙ ተበላሽቶ ድመት ዘላ ስትወጣበት፣ ነፋስ ሲነፍስ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢጮህስ? ሌባ የለም፤ ጩኸቱ ግን እውነተኛ ነው፣ ሰፈሩም አልተኛም። ሥር በሰደደ ህመም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ነርቩና አእምሮው ማስጠንቀቅ ለምደው፣ በጥቂት ነገር ይጮኻሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ የደመወዝ ማለቅ ሁሉ ጩኸቱን ይጨምሩታል። ይህ ማለት «ህመሙ በሐሳብህ የፈጠርከው ነው» ማለት አይደለም። ጩኸቱን እየሰማሁ እኮ ነው!

ሁለተኛ፤ «ቻለው» ሰውን ወደ መርፌ ይነዳል። በራሴ ላይ የደረሰውን እናገራለሁ፣ አላፍርም። ሥራ እንዳልቀር፣ «ሰበበኛ» እንዳልባል፣ ዳይክሎፌናክ እየገዛሁ እውጥ ነበር። ሲብስ ክሊኒክ ገብቼ «አንድ ዳይክሎ ውጉኝና ልሂድ» እላለሁ፤ ይወጉኛል፣ ሄጄ አስተምራለሁ። አራት ወር እንዲህ ሆነ። አብዛኛውን ቀን በባዶ ሆድ፣ በላዩ ቡና። አንድ ቀን ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። በማግስቱ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ዞረብኝና ጠመኔውን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ሆዴ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ሆስፒታል ተኝቼ ሐኪሙ «ይህን ሁሉ ማን አዘዘልህ?» ሲለኝ «ራሴ» አልኩት። እውነቱ ግን ያዘዘልኝ «ቻለው» ነው።

እዚህ ላይ ልጆች ስሙኝ። እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የልብ በሽታና ደም ግፊት ያለበትን ሰው ያሰጋሉ። በመርፌ ስለተሰጠ ጨጓራን አይነካም የሚባለው ውሸት ነው፤ ደም ውስጥ ከገባ ያው ነው። በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በልኩ ሲሆን ይጠቅማል። እንደ ከረሜላ ሲሆን ግን የእኔ ዕጣ ይደርሳችኋል። ትራማዶልማ አታንሡት! ሱስ ያስይዛል። ለወገቤ ብሎ ጀምሮ ለወገቡም ለኑሮውም ያልሆነ ሰው አይቻለሁ።

ሦስተኛ፤ የ«ቻለው» መንትያ እህት አለች፤ «ተኛ» ትባላለች። ይህችም በፍቅር ነው የምትመጣው። «አትነሣ፣ አትንቀሳቀስ፣ አጥንትህ ይረፍ።» እኔ ሦስት ሳምንት ተኝቼ ስነሣ እግሬ የሰው እግር መሰለኝ። አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ምንም አይደለም። ከዚያ በላይ መተኛት ግን ጡንቻን ያሟሽሻል፣ መገጣጠሚያን ያደርቃል፣ ፍርሃትን ያሳድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ለቆየ የወገብ ህመም መመሪያ አውጥቶ ነበር። ከሚመክራቸው ውስጥ ለታማሚው ስለ ህመሙ ማስተማር፣ የአካል እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ድጋፍ ይገኙባቸዋል። ከማይመክራቸው ውስጥ ደግሞ እኔ በስንት ብር የገዛሁት የወገብ ቀበቶ አለበት! አሁን ልጄ ለአሻንጉሊቷ አልጋ አድርጋዋለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአንድ በኩል «ቻለው»፣ በሌላ በኩል «ተኛ»። አንዱ ምንም እንዳልሆንክ ኑር ይልሃል፣ ሌላው ኑሮህን ተው ይልሃል። ሁለቱም «ዛሬ ምን ትችላለህ?» ብለው አይጠይቁህም።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

እናቴ። ልጅ ሆኜ ጠዋት ጠዋት መቀነቷን ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ ስታስር አይ ነበር። ልማድ ነበር የሚመስለኝ። ውሃ ቀድታ በእንስራ ታመጣለች፣ ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች፣ ጭስ ውስጥ አጎንብሳ ትጋግራለች። ማታ ስትቀመጥ «እህህ... ወገቤን» ትላለች። ስንት ጊዜ ሰማሁት? በየቀኑ። አንድ ቀን «ምን ሆንሽ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ቃሉ ለእኔ እንደ ዶሮ ጩኸት ነበር፤ ሲመሽ የሚሰማ ድምፅ። እኔ ስታመም ነው መቀነቱ የገባኝ። ያቺ ሴት ወገቧን እያሰረች ነበር የምታሳድገን።

ባለፈው እሁድ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ወገብሽ እንዴት ነው?» አልኳት። «ኧረ ደኅና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ፣ ይልቅ ያንተ እንዴት ሆነ?» አለች። «አይ፣ የእውነት ነው የምጠይቅሽ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ሌሊት ሌሊት አያስተኛኝም» አለችኝ። ወዳጆቼ፣ 36 ዓመቴ ነው። እናቴ ይህን ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። ማንም ስላልጠየቃት ነው።

«እናቶቻችን ችለውት ኖረዋል» የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህችን አረፍተ ነገር ተዉልኝ። አልቻሉትም። ዝም ነው ያሉት። መቻልና ዝም ማለት አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፣ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ። ሳልታመም በፊት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። የትኛው ዓመት፣ የትኛው ክፍል እንደሆነ አልናገርም፤ እሷ ታውቃለች። አንድ ቀን እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ወገቤን በጣም ያመኛል፣ ኋላ ቆሜ ልማር?» አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? «ዘበኛ አልቀጠርንም፣ ቁጭ በይ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀልደኛ መምህር ነበርኩ፤ ሳቁን ወደድኩት። ዓመቱን ሙሉ ዳግም አልጠየቀችኝም። ዴስኩ ጠርዝ ላይ በግማሽ መቀመጫዋ ተቀምጣ ስትጽፍ ግን አያት ነበር። ዛሬ እኔ የመምህራን ስብሰባ ላይ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። በቆምኩ ቁጥር አስታውሳታለሁ። ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። በክፍሉ ፊት ነበር የተናገርኩሽ፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት ልጠይቅሽ ብዬ ነው።

የወር አበባ ህመም ይዟቸው «ፈተና ፈርታ ነው» የተባሉትንም ልጆች እንዲሁ። እኔም ብያለሁ።

አሁን «ታዲያ አስመሳይ የለም ወይ?» የሚል ይመጣል። መምህር ነኝ፣ አስመሳይ አላውቅም እንዳልላችሁ! አያቱን በአንድ ሴሚስተር ሦስት ጊዜ የቀበረ ተማሪ አስተምሬአለሁ። ግን ሒሳቡን እንሥራው። አስመሳዩን ባምነው የማጣው ምንድን ነው? አንድ ፔሬድ። ግፋ ቢል ድንኳን ሲተከል አንድ ሰው ይጎድላል። የታመመውን ባላምነውስ? መርፌ ላይ ይወድቃል፣ ከትምህርት ይቀራል፣ ከሰው ይርቃል፣ ልጅቷ ዳግም አትጠይቅም። የትኛው ኪሳራ ይበልጣል? ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ እያጣ የሚያስመስል ሰው ካለ፣ እሱም ሕክምና ያስፈልገዋል።

«ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ይሄ የሀብታም ነገር ነው» የሚልም አለ። ግማሹ እውነት ነው። ፊዚዮቴራፒስቷን ለማግኘት 130 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተቀምጬ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ነበረብኝ፤ ስደርስ ከበሽታው መንገዱ ብሶብኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሄድኩት፤ ከዚያ በላይ አቅም አልነበረኝም። ግን በሦስት ቀን ያስተማረችኝን ቤቴ ውስጥ በየቀኑ እየሠራሁ ነው የምኖረው። ማመን ደግሞ ገንዘብ አያስፈልገውም።

ቤቴ ውስጥ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ለብዙዎች ይጠቅማል። ሐኪም አይደለሁም፣ የራሴን ነው።

ጠዋት ከሌላው ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እነሣለሁ። ከአልጋ ብድግ አልልም፤ በጎኔ ተገልብጬ፣ እግሬን አውርጄ፣ በክንዴ ገፍቼ ነው የምነሣው። ባለቤቴ ሃይላንድ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ ትሞላልኛለች (የፈላ አይደለም፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል)፣ በፎጣ ጠቅልዬ ወገቤ ሥር አደርገዋለሁ። ከዚያ 15 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ምንጣፍ ላይ።

እርምጃ የጀመርኩት በአምስት ደቂቃ ነው። አልቀለድኩም፣ አምስት። ከበሬ እስከ ሱቁ ደርሶ መመለስ። በየሳምንቱ ሁለት ደቂቃ እየጨመርኩ አሁን 40 ደቂቃ እሄዳለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ለፈተና ከማስተማር ይልቅ መኖሩ ይከብዳል።

ውሃ ሰፈራችን በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ አይቻልም። አምስት አምስት ሊትር የሚይዙ ገዛንና ግራና ቀኝ አንድ አንድ ይዤ እመላለሳለሁ። ጎረቤት መጀመሪያ ሳቀ፣ አሁን ለምዷል። ልብስ ሳጥብ ሳፋውን መሬት አላደርግም፣ አግዳሚ ላይ አወጣዋለሁ። በርጩማ ትቻለሁ። ፈተና የማርመው 20 ወረቀት አርሜ፣ ተነሥቼ፣ ግቢውን ዞሬ፣ ሌላ 20 እያልኩ ነው። 240 ወረቀት በአንድ ሌሊት የጨረስኩበት ዘመን አልፏል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ደኅና ቀን ነው። አዎ፣ ደኅናው! ጠዋት ተነሥተህ ካላመመህ «ዛሬ ድኛለሁ» ትልና ያልሠራኸውን ሁሉ በአንድ ቀን ልትጨርስ ትነሣለህ። ግቢ ትቆፍራለህ፣ ቁም ሣጥን ትገፋለህ። ከዚያ አራት ቀን ትተኛለህ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። አሁን በደኅናው ቀንም ልኬን አላልፍም፣ በመጥፎውም ቀን ትንሿን እርምጃ አልተውም።

ማታ የምውጣት ትንሽ ክኒን አለች፣ አሚትሪፕቲሊን ትባላለች። ሐኪም ነው ያዘዘልኝ። በነርቭ በኩል ለሚመጣ ህመም በትንሽ መጠን ይሰጣል። መጀመሪያ አንድ ሰው «ይሄ እኮ የጭንቀት መድኃኒት ነው፣ እንደ እብድ ቆጠሩህ» ብሎኝ ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሁለት ወር እንቅልፍ በከንቱ! ለእኔ ሆነ ማለት ለእናንተ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ግን መድኃኒታችሁን ሐኪም ሳያውቅ አታቋርጡ። ወጌሻም ጋ ቢሆን አከርካሪ ሲያንቋቁ ዝም ብላችሁ አትስጡ።

በቤታችን ደግሞ አንድ ደንብ አለ። ባለቤቴ ጠዋት «ደኅና አደርክ?» ካለች በኋላ «ዛሬ ስንት ነህ?» ትለኛለች። ከ0 እስከ 10። አራት ካልኩ ልጅቷን ትምህርት ቤት እኔ አደርሳለሁ። ሰባት ካልኩ እሷ ታደርሳለች፣ እኔ ቆሜ ሽንኩርት እከትፋለሁ። አታዝንልኝም፣ አትቆጣኝም፣ አትመረምረኝም። ቁጥሯን ትሰማና ሥራ እንካፈላለን። የአምስት ዓመት ልጄን ማቀፍ አልችልም፤ ማለቴ አንሥቼ። እሷ ራሷ መላ አገኘች። ወንበር ጎትታ ትመጣና ላዩ ላይ ወጥታ፣ ቁመታችን እኩል ሲሆን ታቅፈኛለች። «ቻለው» ያላለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ሁሉም የወገብ ህመም ቤት የሚያዝ አይደለም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር ከከዳ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ፤ ነገ አትበሉ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለም እንዲሁ አትዘግዩ። የአከርካሪ ቲቢ እኛ አገር አለ፣ ይድናል፣ ግን በጊዜ ሲገኝ ነው። ከውድቀት ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ፣ ካንሰር የነበረበት ሰው ላይ የመጣ ህመምም ሐኪም ይየው። «ቻለው» የሚገድለው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀውን ልጠይቅ።

የእድር ዳኞቻችን፤ ድንኳን መሸከም የማይችል ሰው ሌላ የሚችለው አለው። እኔ ስም መመዝገብ፣ መዋጮ መቀበል፣ ደብተር መያዝ እችላለሁ። ሥራ ስጡኝ እንጂ ቅጣትና ፌዝ አትስጡኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ ተነሥቼ እናገራለሁ። (ያው ቆሜ ስለምሆን መነሣት አያስፈልገኝም።)

መምህራን ባልደረቦቼ፤ ኋላ ቆሞ ልማር ያለ ልጅ ካለ ይቁም። ምን ትከስራላችሁ?

ቤተሰብ የሆናችሁ፤ «አሁንም አልተሻለህም?» አትበሉ። ይህ ጥያቄ የታመመውን ጥፋተኛ ያደርገዋል። «ዛሬ ምን ልያዝልህ?» በሉ። ካላወቃችሁም ዝም ብላችሁ ጀሪካኑን አንሡ።

ህመም ያለባችሁ ደግሞ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አትደብቁ። በመሳቅ አትደብቁ፣ በመርፌ አትደብቁ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። አልዳንኩም፤ ምናልባትም ጨርሶ አልድንም። ግን በ2012 ካልሲዬን ባለቤቴ ነበረች የምታጠልቅልኝ፣ ዛሬ ራሴ አጠልቃለሁ። ይህ የሆነው ስለቻልኩት አይደለም። በየቀኑ ስለምሠራበትና ቤቴ ስላመነኝ ነው።

በመጨረሻ ኮሜንት ላይ፤ የቅባት ስም፣ የሥር ስም፣ «አንድ ሰውዬ አለ በአንድ ቀን የሚያድን» አትጻፉልኝ። ስድስት ዓመት ሰብስቤአለሁ፣ ሱቅ መክፈት እችላለሁ። ይልቅ ከቻላችሁ ዛሬ እናታችሁ ጋ ደውሉና ወገቧን ጠይቁልኝ። «ደኅና ነኝ» ስትል ስልኩን አትዝጉ። ትንሽ ጠብቁ።

ሃያ ደቂቃዬ ሦስት ጊዜ አልፏል፣ ግቢውን ልዞር ነው። ቸር እንሰንብት።